ያገለገለ ዕቃ የምንገበያይበትን አፕ ለምን እንቀያይራለን? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ሰው የሚሄደው ዕቃ ወደረከሰበት ነው»

ርካሽ ዋጋ ይስባል። ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ኮሚሽኑን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። የሊቱዌኒያው የልብስ መገበያያ አፕ ቪንትድ ከሻጩ ምንም አይቆርጥም፤ ገዢው ላይ የጥበቃ ክፍያ (ዕቃው ባይደርሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚከፍለውን) ይጨምራል። ለንደን ውስጥ ጃኬቱን በ10 ፓውንድ የሸጠ ሰው 10 ፓውንዱ ሳይሸራረፍ ይደርሰዋል። ሻጩ ወደዚያ ሲሄድ ልብሱም አብሮት ይሄዳል። ጥሩ ልብስ ካለ ደግሞ ገዢ አይጠፋም። ኢቤይም ከግለሰብ ሻጮች ይወስድ የነበረውን ክፍያ በ2023 በጀርመን፣ በ2024 ደግሞ በብሪታንያ በአብዛኛው ዕቃ ላይ አነሳ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሻጮቹን ላለማጣት ይመስለኛል።

«እንግዲያው ክፍያውን ገዢ ላይ ማዞር ነው»

አሜሪካ ውስጥ ፖሽማርክ የሚባል የልብስ መገበያያ አፕ ሞክሮት ነበር። ከ15 ዶላር በላይ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ከሻጩ 20 በመቶ ይወስዳል። በኦክቶበር 2024 ይህን ቀነሰና የተወሰነውን ገዢው እንዲከፍል አደረገ። ሻጮች ገበያው ቀዘቀዘብን ብለው ጮኹ። ኩባንያው በዚያው ወር ወደ ድሮው አሠራር ተመለሰ። ዋጋውን አይተህ ወስነህ፣ ልትከፍል ስትል ሌላ ሂሳብ ሲመጣብህ እጅህ ይያዛል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ከአፕ የሚያባርረን አጭበርባሪ ነው»

እኔ አንድ ጊዜ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ደርሶኛል። ያጭበረበረኝ ሻጩ ነው። አፑን እንድተው ያደረገኝ ግን አቤቱታዬን ሰምቶ የሚመልስልኝ ሰው ማጣቴ ነው። ወዲያው ገንዘቤን ቢመልሱልኝ ኖሮ ዛሬም እዚያው እገዛ ነበር።

«አዲስ አፕ ያወረደ የድሮውን ትቷል»

ብዙ ሰው ሁለቱንም ይይዛል። ሶፋው የሰፈር ሰው መጥቶ እንዲወስደው ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ይወጣል፤ ጫማው በፖስታ ወደሚላክበት ይሄዳል። አዲስ አበባም አንዱ ስልክ ጂጂ ላይም ቴሌግራም ላይም ይለጠፋል።

«ያልለቀቀ ሰው ረክቷል ማለት ነው»

አይደለም። መቶ ሰው «ታማኝ ሻጭ ነው» ብሎ ኮከብ የሰጠው ሻጭ፣ አዲስ አፕ ላይ ሲገባ ማንም የማያውቀው ሰው ይሆናል። ኮከቦቹን ይዞ መሄድ አይችልም። በስንት ልፋት የተገነባ ስም አንድ አፕ ውስጥ ተቆልፎ መቅረቱ ያበሳጨኛል። እየተማረረም ቢሆን እዚያው የሚቆየው ያንን ስም ላለማጣት ነው።