«ዘና በይ» ብሎ ነገር

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ ባለተራ ከአማቷ ጋር ገባች። ገና ወንበር ሳትይዝ አማቷ ቀደሙ። «ሲስተር፣ ይቺን ልጅ ጭንቀት ነው የያዛት። ትንሽ ዘና ብትል እኮ እስካሁን ሁለት ትወልድ ነበር።» ልጅቷ አቀርቅራ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሦስት ዓመት ሞክረዋል። በነዚህ ሦስት ዓመታት ጸበል ሄዳለች፣ «ማህፀንሽ ዞሯል» ተብላ ታሽታለች፣ ቡና ትታለች፣ ከሥራዋም ለቃለች። «ባልሽስ ምን ተመረመረ?» አልኳት። አማቷ እንደ ስድብ ቆጠሩት። «እሱማ ጤነኛ ነው!»

አዋላጅ ነርስ ከሆንኩ 16 ዓመቴ ነው። እንደ «ዘና በይ፣ ይመጣል» ያንገሸገሸኝ ምክር የለም። ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

«የማታረግዢው ስለምትጨነቂ ነው»

ነገሩን ገልብጠው ነው የያዙት። ከማያቸው ሴቶች አብዛኞቹ የሚጨነቁት ስላላረገዙ ነው። በፈረንጆቹ 2011 ቢኤምጄ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት 14 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አውጥቶ ነበር። በጥናቶቹ የተካተቱት የመካንነት ሕክምና ሊጀምሩ የነበሩ 3,583 ሴቶች ናቸው። ከሕክምናው በፊት በጣም የተጨነቁትም ረጋ ያሉትም የማርገዝ ዕድላቸው አልተለያየም።

ጭንቀት ምንም አያደርግም አላልኩም። ከባድ ሲሆን፣ በተለይ ደግሞ አልበላ ብሏት ክብደቷ ከወረደ፣ እንቁላል መውጣቱ ሊቆም ይችላል። ያኔ ግን የወር አበባዋ ይዛባል ወይ ጭራሽ ይጠፋል። በየወሩ ቀኑን ጠብቆ የሚመጣላትን ሴት ግን «ጭንቀት ነው» ብሎ መሸኘት ስንፍና ነው። ባለሙያ ሲለው ደግሞ ይብሳል።

«የጎረቤታችን ልጅ ተስፋ ቆርጣ ስትተወው አይደል ያረገዘችው?» ይሉኛል። አርግዛለች፣ አልካድኩም። ያለ መከላከያ ከሚሞክሩ 100 ጥንዶች ከ80 በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት ይሳካላቸዋል። ከቀሩት ደግሞ ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ዓመት። ሁለተኛው ዓመት ላይ ለመዝናናት ላንጋኖ ሄዳ የነበረች «ላንጋኖ ነው» ትላለች። ላንጋኖ ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን ማን ያወራላቸዋል?

ስለዚህ ቁጥሩን ያዙ። ዕድሜሽ ከ35 በታች ከሆነ አንድ ዓመት፣ 35 ከሞላሽ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ሁለታችሁም ኑ። ወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነ ደግሞ ይሄንንም አትጠብቂ። ሁለታችሁም ያልኩት በምክንያት ነው። ልጅ ካልመጣላቸው ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ ችግሩ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ከወንዱ በኩል ነው። አልጋ ላይ ምንም ያልጎደለው ወንድ ዘሩ ውስጥ ምንም ላይኖር ይችላል፤ ሁለቱ ነገር አይገናኝም። የሴቷ ቱቦ ክፍት መሆኑን ለማወቅ ራጅና ቀጠሮ አለ። የሱ ምርመራ ዘሩን በአንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥቶ ያልቃል። ከርካሹና ከቀላሉ መጀመር ሲገባ እኛ ሴቷን ሦስት ዓመት እናሻለን።

የሰኞዋ ሴት ባል በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ዕቃዋን ኮቱ ውስጥ ደብቆ ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደድ አየሁት። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ሲስተር፣ ክዳኑ ይከደናል እንዴ?» አለኝ። ይከደናል! ለሌሎቻችሁም ልንገራችሁ። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጠቡ፣ ቤት ከሰጣችሁም በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርሱ፣ መንገድ ላይ ሰውነታችሁ ሥር ያዙት፣ እንዳይበርደው። ውጤቱ ሲመጣ የዘሩ ቁጥር በጣም ዝቅተኛ ሆነ። ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ብዙ ቆመ። ሚስቱ አልቅሳለች፣ እኔ ግን ፊቷ ላይ እፎይታም አይቻለሁ። የነሱ ጉዳይ ገና አላለቀም፣ ሪፈር ጽፌላቸዋለሁ። በመንግሥት በኩልም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በእኛ አቆጣጠር በ2011 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል።

ወንዶች፣ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ዛሬ ሲጋራ ብታቆም ለውጡን ከሦስት ወር በፊት አትጠብቅ። ጂም ውስጥ ቴስቶስትሮን የምትወጉ ደግሞ ስሙኝ፤ ጡንቻው ሲመጣ ዘሩ ይሄዳል። ሰውነት «ከውጭ እየመጣልኝ ነው» ብሎ የራሱን ማምረት ያቆማል።

«መከላከያ ማህፀን ያደርቃል»

አያደርቅም። ማህፀን ውስጥ ከሚቀመጠው ሉፕ፣ ክንድ ቆዳ ሥር ከሚቀበረውና ከኪኒን በኋላ እርግዝና ቶሎ ይመለሳል። የሦስት ወሩ መርፌ ብቻ ነው የሚያዘገየው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ይወስዳል። መርፌ ስትጀምሪ ይሄ ሊነገርሽ ይገባ ነበር። ካልተነገረሽ ጥፋቱ የእኛ ነው።

«ወይባ ማህፀን ያጸዳል»

አሁን ደግሞ በቲክቶክ «ማህፀን ማጽጃ» የሚሸጡ በዝተዋል። ማህፀን ሰው ገብቶ የሚጠርገው ጓዳ አይደለም። ወይባ እወዳለሁ፣ ከወለድኩ በኋላ እኔም ተቀምጬበታለሁ። ጋቢ ለብሶ ጢሱ ላይ መቀመጥ፣ ላቡ፣ ሽታው፣ ስልክ የማይነሳበት አንድ ሰዓት፣ ደስ ይላል። ደስ ስለሚል ብቻ ተጠቀሙት። ወር አበባ ከቀረ በኋላ ግን አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእናት ሙቀት በጣም ሲጨምር የጽንሱን አከርካሪ ሊጎዳ ይችላል።

አከርካሪ ካነሳሁ ፎሊክ አሲድን ሳልናገር አላልፍም። አእምሮና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ ጽንስ በተፈጠረ በአራት ሳምንት ውስጥ ይዘጋል። ብዙዋ ሴት ያኔ ማርገዟንም አታውቅም። ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ቢያንስ ከማርገዝ አንድ ወር በፊት። ከጭስም ከሻይም በፊት ይሄን ግዙ።

ጥቃቅኖቹን በአንድ ትንፋሽ ልጨርስ። ሙዝና ወተት ልጁ ላይ አይለጠፉም፤ ሲወለድ ቆዳው ላይ የምታዩት ነጭ ነገር የራሱ መከላከያ ነው። አምሮት ቢቀር ልጁ ላይ ምልክት አይወጣም። ቀይ ወይን ደም አይሆንም፣ አልኮል ነው። ጤና አዳም ቡና ላይ ለሽታ ጣል ማድረግና ቀቅሎ በብርጭቆ መጠጣት አንድ አይደለም፤ ሁለተኛውን እርጉዝ አትሞክረው። አፈር አምሮሽ ከሆነ አትፈሪ፣ ግን ደምሽን ተመርመሪ፤ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ነው።

«የብረት ኪኒኑ ልጁን ያገዝፍብኛል» የሚሉትን ግን በአንድ መስመር አልለቃቸውም። መሳቢያቸው ውስጥ ሦስት ፓኬት ተኝቶ ክትትል ይመጣሉ። ኪኒኑ ልጅ አያገዝፍም፣ የአንቺን ደም ነው የሚተካው። ሰገራ ያጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሆድ ካደረቀብሽ ውሃና አትክልት ጨምሪ። ከቡናና ከሻይ በአንድ ሰዓት አርቂው፣ ከብርቱካን ጋር ቢሆን ደግሞ በደንብ ይሠራል። ቡናውንም ተይ አላልኩሽም። ጠዋትም ማታም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልሽ ሦስቱንም አትጨርሺ ነው ያልኩት።

«ስለተናደድኩ ነው ያስወረደኝ»

ይሄኛው ልቤን ይሰብረዋል። በዘጠነኛ ሳምንቷ የወረዳት አንዲት መምህርት «ሲስተር፣ ከእህቴ ጋር በቤት ኪራይ ተጣልተን ጮኬ ነበር» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያንን ጩኸት ስታዳምጥ ነው የከረመችው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሳቸው ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ የሚወርዱት ሲፈጠሩ ጀምሮ ክሮሞዞማቸው፣ ማለትም ከእናትና ከአባት የወረሱትን የሚሸከመው ክር፣ ስለተዛባ ነው። ከእህት ጋር መጣላት ክሮሞዞም አይነካም።

ለወራት የሚዘልቅ ከባድ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ያለ ቀን ከመውለድና ከትንሽ ክብደት ጋር ይያያዛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ሁሉ ነገር ካስጠላሽ ወይ ቤት ውስጥ የሚመታሽ ሰው ካለ፣ በክትትል ቀንሽ ንገሪን። ለቀሪዎቻችን የሚሠራው ተራ ነገር ነው። ቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ፣ በጊዜ መተኛት፣ የምታዋሪው አንድ ሰው። ለባሎችም መልእክት አለኝ። «ራስሽን ተንከባከቢ» ከማለታችሁ በፊት ጀሪካኑን አንሱላት። ስምንተኛ ወሯ ላይ ምጣድ ፊት ቆማ የምትጋግር ሴት የጎደላት ሻማና ሙዚቃ አይደለም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱም ራስ ምታት ነው። በ34ኛ ሳምንቷ ያለች ሴት ለአራት ቀን ራሷን አሟት «ጭንቀት ነው» ተብላ ሻይ ስትጠጣ፣ ግንባሯን በሻሽ አስራ ስትተኛ ከርማለች። ስትመጣ ፊቷ አብጧል፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባታል። ግፊቷን ለካሁ፤ 170 በ110። ማሽኑን ስላላመንኩት ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን አለ። ከ20ኛ ሳምንት በኋላ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የምንፈራው፤ እሷ አልፋው ሄዳለች። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም መፍሰስ፣ የልጅ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ እነዚህ ከመጡ ሻይ አታፍሉ፣ ውጡና ኑ። በአምቡላንስ ሸኘኋት፣ በዚያው ሌሊት በኦፕሬሽን ወለደች። ልጇ ሁለት ኪሎ አልሞላም ነበር፣ አሁን ግን ይሮጣል።

በነጋታው ባሏ ደወለልኝ። አመሰገነኝ፣ አለቀሰ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲስተር፣ እንደዚህ ያስጨነቃት ግን ምን ይሆን?» አለኝ።