ማሩያ፣ ቱሮንና ሌሎቹ፦ የፊሊፒንስ የሙዝ ጥብስ

ፊሊፒንስ ውስጥ ከሰአት በኋላ በኛ ሰአት ከ9 እስከ 10 ባለው ጊዜ መንገድ ዳር ብትቆሙ የተቃጠለ ስኳርና የሙዝ ሽታ አያጣችሁም። ሰአቱ መርየንዳ ይባላል፣ ቃሉ የስፓኒሽ ነው፣ ስፔን አገሩን እኤአ ከ1565 እስከ 1898 ስለገዛችው ብዙ የምግብ ስማቸው ከዛ ነው የመጣው፣ ነገሩ ግን ያው እኛ መክሰስ የምንለው ነው። እና ለመክሰስ ከሚበሉት ነገሮች ውስጥ በዘይት የተጠበሰ ሙዝ ዋናው ነው፣ በአንድ አይነትም አይደለም፣ በሊጥ ተነክሮ ሲጠበስ ማሩያ፣ በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ ሲጠበስ ቱሮን፣ እንዲሁ በስኳር ተጠብሶ እንጨት ላይ ሲሰካ ባናና ኪው። ሻጮቹ ቢላኦ በሚባል ሰፌድ በሚመስል ጠፍጣፋ የቀርከሃ እቃ ላይ ደርድረው ይዞራሉ፣ ወይ ሰፈር ውስጥ አንድ መጥበሻ ጥደው ይቀመጣሉ።

ሁሉንም ያስቻለው ግን ሙዙ ነው። ሳባ ይባላል፣ እኛ ልጠን ከምንበላው ሙዝ ይለያል፣ አጭርና ወፍራም ነው፣ ጎኑ ማእዘን አለው፣ ዘሩ በአብዛኛው ባልቢሲያና ከሚባለው የዱር ሙዝ የወረደ ነው። ዛፉም ግዙፍ ነው፣ ግንዱን ያየ ሀበሻ እንሰት ቢመስለው አይፈረድበትም (እንሰትም እኮ የሙዝ ቤተሰብ ነው፣ ፍሬው አይበላም እንጂ)። ሳባ ሲበስልም ስታርቹ ሁሉ ወደ ስኳር ስለማይቀየር ዘይት ውስጥ ቅርፁን ይይዛል፣ ተራው ሙዝ ግን ውሀና ስኳር ስለሚበዛው ቶሎ ይልማል፣ ይጠቁራል። ባናና ኬቸፕ የሚባለው ቀይ ሶሳቸውም ከዚሁ ሙዝ ነው የሚሰራው፣ ሀሳቡን ያመነጨችው ማሪያ ኦሮሳ የምትባል የምግብ ኬሚስት ናት ይባላል፣ እኤአ በ1945 በማኒላው ጦርነት ነው የሞተችው።

አሁን ወደ ቤት አሰራሩ። ከሁሉም ቀላሉ ማሩያ ነው፣ ለኔ ደግሞ ከሁሉም የሚጣፍጠው። 4 ወይ 5 የበሰለ ግን ጠንከር ያለ ሙዝ ትልጣላችሁ፣ ከዛ በርዝመቱ 3 ወይ 4 ቦታ ትሰነጥቁታላችሁ፣ አንደኛው ጫፍ ጋ ሳትደርሱ ማቆም ነው፣ እንዳይለያይ፣ ከዛ በመዳፍ ጫን ሲሉት እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ሊጡ 1 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ጨው፣ 1 እንቁላልና ሶስት አራተኛ ኩባያ ወተት ነው፣ ወተቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ ምክንያቱም ሊጡ ከማንኪያ ሲወርድ ወፈር ብሎ መንጠባጠብ አለበት፣ ከቀጠነ ሙዙ ላይ አይዝም ከወፈረ ደግሞ ሙዝ ያለው ዳቦ ነው የሚሆነው። ብዙ አታማስሉት፣ ትንሽ ጓል ቢቀር ምንም አይደለም። ዘይቱን ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልግም፣ ጠብታ ሊጥ ጣል አርጉበት፣ ወዲያው ከተንሳፈፈና ዙሪያውን ከፈላ ደርሷል፣ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱን ቀንሱ፣ እታች ከተቀመጠ ገና ነው። እነሱ ኮኮናት የሞላበት አገር ስለሆነ የኮኮናት ዘይት ይጠቀማሉ፣ ሽታ የሌለው ማንኛውም ዘይት ግን ይሰራል። ሁለቱም ጎን ወርቃማ ሲሆን አውጥቶ በትኩሱ ስኳር መነስነስ፣ አለቀ።

ስሙ እንደየክልሉ ይለያያል። በቪሳያ ፒናይፓይ የሚሉት አሉ፣ ፓይፓይ ማራገቢያ ማለት ስለሆነ ቅርፁን ነው የሚናገሩት፣ ቢኮል ውስጥ ሲናፖት ነው። ሙዙን ሳይሰነጥቁ ጨፍልቀው ከሊጡ ጋር የሚያዋህዱትም አሉ፣ በሙስሊም ፊሊፒኖዎች ዘንድ ይሄኛው ጃምፖክ ይባላል።

ቱሮን ትንሽ ትእግስት ይፈልጋል። ሙዙ በርዝመቱ ለሁለት ተከፍሎ ቡናማ ስኳር ላይ ይንከባለላል፣ አጠገቡ ላንግካ የሚሉት ጃክፍሩት (ትልቅ ጣፋጭ ፍሬ ነው) በቀጭኑ ተቆርጦ ይጨመራል (ሽታው ነው ቱሮንን ቱሮን የሚያደርገው፣ ካልተገኘ ግን ያለሱም ይሆናል)፣ ከዛ ሉምፒያ በሚባል ስስ ቂጣ ተጠቅልሎ ጫፉ በውሀ ይጣበቃል። ሉምፒያውን ይዘው የመጡት የቻይና ስደተኞች ናቸው፣ ቱሮን የሚለው ስም ደግሞ የስፔን ጣፋጭ ስም ነው፣ ሙዙ የራሳቸው፣ አንድ ጥቅል ውስጥ የአገሩ ታሪክ ገብቷል በሉት። ዘዴው እዚህ ጋ ነው፣ ሌላ ስኳር ዘይቱ ውስጥ ይበተናል፣ ቀልጦ ሲንሳፈፍ ጥቅሎቹ ላይ እየተለጠፈ ይደርቅና እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ሲወጣ ሶፍት ላይ እንዳታስቀምጡት፣ ሶፍቱን ይዞ ነው የሚነሳው፣ የሽቦ ማንጠፊያ ወይ ወንፊት ላይ ይሁን። የቀለጠ ስኳር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ከዘይት ይብሳል፣ ልጆች ዞር ይበሉ።

ባናና ኪው ይሄው ነው ቂጣው ተቀንሶ፣ ሙሉ ሙዝ በስኳር ዘይት ተጠብሶ እንጨት ላይ ይሰካል፣ ስሙ ከባናናና ከባርቤኪው የተገጣጠመ ነው፣ ግን ፍም አያይም። በፍም የሚሰራው ጊናንጋንግ ነው፣ በደቡብ ያለችው የሚንዳናኦ ደሴት ምግብ፣ ማርጋሪን ይቀባና ስኳር ይነሰነስበታል።

ከአገሩ ውጪ ስትሰሩት ችግሩ ሳባ ነው። ገልፍ ያላችሁ ፊሊፒኖ ሱቆች ጋ በረዶ የሆነውን ታገኛላችሁ፣ ፊሊፒኖና ሀበሻ አንድ ቤት አብረው የሚሰሩበት አገር ስለሆነ ብዙ እህቶቻችንም ከነሱ ኩሽና ነው የለመዱት። አዲስ አበባ ግን ያለው ተራው ሙዝ ነው፣ እሱን ከሆነ ቢጫ ሆኖ ጫፉ ገና አረንጓዴ ያለውን ምረጡ፣ ነጠብጣብ የጀመረውን ተዉት፣ እሱ ለተጨፈለቀው አይነት ነው የሚሆነው። ለቱሮን ሉምፒያ ከጠፋ የሳምቡሳ ቂጣ በደንብ ይተካዋል፣ ትንሽ ወፈር ስለሚል እሳቱን ቀንሳችሁ ቆየት አርጉት። ማሩያ ካደረ ይለሰልሳል፣ ደረቅ መጥበሻ ላይ ቢሞቅ ትንሽ ይመለሳል፣ ቱሮን ግን ስኳሩ እርጥበት ከሳበ በኋላ የሚያድነው የለም፣ በዛው ቀን ይበላ።