ኢሜይሉ የት ገባ? ስለ ዲኤንኤስ ሬከርዶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ጎን ለጎንም ለሰፈሩ ነጋዴዎች ዌብሳይት እሠራለሁ። ብሎኬት አምራቹም፣ ዶሮ አርቢዋም፣ አሉሚኒየም ገጣጣሚውም ዛሬ ዶሜይን አላቸው። ሲበላሽባቸው የሚነግሩኝ ታሪክ ይለያያል እንጂ ከሥሩ ያለው ግምት ያው ነው፦ ዶሜይንን እንደ አንድ ዕቃ ያዩታል። ዶሜይን ስም ብቻ ነው። ከስሙ ጀርባ ዲኤንኤስ የሚባል፣ መስመር በመስመር የተጻፈ ደብተር አለ። እያንዳንዱ መስመር ሬከርድ ይባላል፤ የሚመልሰውም የራሱን አንድ ጥያቄ ነው።

«ዌብሳይቱ ከተዛወረ ኢሜይሉም አብሮ ይዛወራል»

ባለፈው ክረምት አንድ ሶፋና ቁምሳጥን አምራች ዌብሳይቱን እንዲያድስለት ለአንድ ልጅ የይለፍ ቃሉን ሰጠው። ልጁ ኔም ሰርቨሩን፣ ማለትም ደብተሩ የሚቀመጥበትን ሰርቨር፣ ወደ አዲሱ ሆስቲንግ (ዌብሳይቱን ወደሚያስቀምጠው ድርጅት) ቀየረ፤ ገጹም አምሮ ወጣ። ከሳምንት በኋላ ሰበታ ያለ ደንበኛ ደወለ፦ «ጋሼ፣ ፕሮፎርማ ይላኩልኝ ብዬ ሦስቴ ጻፍኩልዎ፤ ምነው ዝም አሉኝ?» ጋሼ ኢሜይሉን በየቀኑ ይከፍታል፤ ባዶ ነው። ስልኩን ይዞ ሱቄ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ልጄ፣ ገንዘቤን የበላው ማነው?» አለኝ።

እውነታው እንዲህ ነው። ኤ ሬከርድ ዌብሳይቱ ያለበትን ሰርቨር ቁጥር (አይፒ አድራሻ) ይናገራል። ኤምኤክስ ሬከርድ ደግሞ ለዚህ ስም የሚመጣ ኢሜይል የት እንደሚደርስ ይናገራል። ሁለቱ አይተዋወቁም። እኛ አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ደብዳቤ በር ድረስ ሲመጣልን አልለመድንም፣ የለመድነው የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ሱቁ ቱሉ ዲምቱ ሆኖ ሳጥኑ ቸርችል ጎዳና፣ ዋናው ፖስታ ቤት ሊሆን ይችላል። ሱቁ ነገ ወደ ገላን ቢዛወር ሳጥኑ እዚያው ነው።

ታዲያ የጋሼ ኢሜይል ለምን ጠፋ? ልጁ የቀየረው ኤ ሬከርዱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አይነካውም ነበር። ኔም ሰርቨር መቀየር ግን አንድ መስመር ማረም አይደለም፤ ደብተሩን ጥሎ ሌላ ደብተር ማንሳት ነው። የድሮው ደብተር ላይ የነበረው ኤምኤክስ አዲሱ ላይ አልተገለበጠም። ይባስ ብሎ አዲሱ ሆስቲንግ እንደ ብዙዎቹ ኤምኤክሱን በራሱ ስም ሞልቶት ነበር፤ ልጁም ለዌብሳይቱ ፎርም ብሎ ኢንፎ የሚል፣ ከጋሼ ኢሜይል ጋር አንድ ስም ያለው ሳጥን እዚያው ከፍቷል። ስለዚህ ለላኪዎቹ «አልደረሰም» የሚል መልስ እንኳ አልተመለሰላቸውም። የአዲሱን ሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ገጽ ስንከፍተው 17 ደብዳቤ ማንም ሳያነበው ተደርድሯል፤ ሦስቱ ከሰበታ ነበሩ።

እዚህ ላይ ስለ ኤ አንድ ነገር ልጨምር። ኳድ ኤ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው። ኤ የሚይዘው የቆየውን ባለ 32 ቢት አድራሻ ሲሆን ኳድ ኤ አዲሱን ባለ 128 ቢት ይይዛል፤ አራት እጥፍ ስለሆነ ነው አራት ኤ የተደረደረለት። ሰርቨር ሲቀየር ኤውን አስተካክሎ ኳድ ኤውን የረሳ ሰው ጉድ ይሆናል፤ በአንዱ ስልክ አዲሱ ገጽ፣ በሌላው የድሮው ገጽ ይታያል፤ ቤተሰቡ በሙሉ «እኔ ጋ ይሠራል»፣ «እኔ ጋ አይሠራም» እየተባባለ ያመሻል።

«ለውጡ እስኪሠራ 48 ሰዓት መጠበቅ ነው»

ይህን ባለሙያውም ይለዋል። እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ፤ ደንበኛ ለማሳረፍ እንደሱ የሚመች የለም። ነገር ግን ለውጡ እንደ ሰፈር ወሬ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዛመተ አይደለም የሚሄደው። ደብተሩ ላይ ያረምከው ወዲያው ታርሟል። የሚያዘገየው ቀደም ብለው ጠይቀው መልሱን የያዙት ሰርቨሮች ናቸው፤ የያዙት እስኪያልፍበት ድረስ ተመልሰው አይጠይቁም። ስንት ጊዜ ይያዝ የሚለውን የሚወስነው ቲቲኤል የተባለው ቁጥር ነው፤ በሰከንድ ይጻፋል። 300 ማለት 5 ደቂቃ፣ 3600 አንድ ሰዓት፣ 86400 ሙሉ ቀን።

48 ሰዓቷም ከሜዳ የመጣች አይደለችም። ለዶት ኮም ስሞች «የዚህ ስም ደብተር እነዚህ ሰርቨሮች ጋ ነው» የሚለው ጥቆማ ከላይ፣ ዶት ኮምን በሚይዙት ሰርቨሮች ላይ፣ የተቀመጠለት ጊዜ 172800 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ቀን ነው። እንግዲህ ኔም ሰርቨር ለሚቀይር ሰው አባባሉ እውነት አለው፤ አንድ ኤ ላረመ ሰው ግን የለውም።

ከመዛወርህ በፊት ባለው ቀን ቲቲኤሉን ወደ 300 አውርደው። በዕለቱ ማውረድ ጅብ ከሄደ ነው፤ የድሮውን መልስ የያዘው ሰርቨር የያዘው ከነድሮው ጊዜው ነው። ሌላም አለ፦ ገና ያልፈጠርከውን ስም «ሠራ ይሆን?» እያልክ አትሞክር። «የለም» የሚለው መልስም ለተወሰነ ጊዜ ይያዛል።

«ሲኔም ሰውን ወደ ሌላ ዌብሳይት ይወስዳል»

አይወስድም። ሲኔም የሚባለው ሬከርድ «ይህ ስም የዚያኛው ቅጽል ስም ነው፤ መልሱን እዚያ ፈልግ» ከማለት አያልፍም። ብራውዘሩ ላይ የተጻፈው አድራሻ አይለወጥም፤ ሰውን ከገጽ ወደ ገጽ ማዛወር የዌብ ሰርቨሩ ሥራ ነው። ሲኔም ቀናተኛም ነው፤ እሱ ባለበት ስም ላይ ሌላ ሬከርድ አብሮ እንዲቀመጥ ደንቡ አይፈቅድም። ለዚህ ነው ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው የሌለበት ዋናው ስም ላይ ሲኔም የማይገባው፤ እዚያ ኤምኤክሱም፣ ኔም ሰርቨሮቹን የሚጠቅሰው ኤንኤሱም ይኖራሉ።

«ኤምኤክስ ላይ ትልቁ ቁጥር ይቀድማል»

ትንሹ ነው የሚቀድመው። 10 ያለው መጀመሪያ ይሞከራል፤ እሱ እንቢ ካለ 20 ያለው። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚገባው ደግሞ የሰርቨር ስም ነው፤ የአይፒ ቁጥር አይጻፍበትም።

«ኤስፒኤፍ ሁለት ካደረግኩ ይበልጥ ይጠነክራል»

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ለኤምኤክስ ይሠራል፤ ለኤስፒኤፍ ግን ሁለተኛው ባላ የመጀመሪያውን ይጥለዋል።

ኤስፒኤፍ ቲኤክስቲ በሚባለው የጽሑፍ ሬከርድ ላይ የሚጻፍ የውክልና ዝርዝር ነው፦ በስሜ ኢሜይል እንዲልኩ የፈቀድኩላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው። አንዱ ሆስቲንጉ «ይህን ጨምር» ይልሃል፣ ሌላው ኢሜይል ሰጪ «ይህን ጨምር» ይልሃል፣ አንተም ታዛዥ ሆነህ ሁለት መስመር ታደርጋለህ። ተቀባዩ ሁለት ሲያገኝ አይመርጥም፤ ስሕተት ብሎ ሁለቱንም ይተዋቸዋል። ሁሉም አንድ መስመር ውስጥ መጠቃለል አለባቸው፤ ያ መስመር ሲመረመርም ተጨማሪ የዲኤንኤስ ጥያቄ የሚያስነሱት ከ10 መብለጥ የለባቸውም። መጨረሻ ላይ ያለችውንም ምልክት እያት። ሰረዝ ከሆነች «ሌላውን መልስ»፣ ሞገድ መሳይዋ ከሆነች «ሌላውን ተጠራጠር» ማለት ነው። የመደመር ምልክት ከሆነች ግን «ማንም በስሜ ይላክ» ብለህ ፈርመሃል። እውነት ነው የምላችሁ፣ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።

ኤስፒኤፍ ብቻውን አይበቃም፤ የሚመረምረው ከውጭ፣ ለሰርቨሮቹ ተብሎ ፖስታው ላይ የተጻፈውን ላኪ ነው፣ አንባቢው የሚያየውን ስም አይደለም። ዲኪም ደብዳቤው ላይ ማህተም ያደርጋል፤ ማህተሙን ማመሳከሪያው ቁልፍ ደብተርህ ላይ ይቀመጣል። ዲማርክ ደግሞ ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ከሚታየው ስም ጋር መግጠሙን አይቶ፣ ካልገጠመ ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ ይነግራል። ዲማርክን «ናን» (ምንም አታድርግ) ብሎ ያስገባ ሰው ምንም እንዳላገደ ይወቅ፤ ሪፖርት ብቻ ነው የሚደርሰው። ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከላኪዎች እነዚህን መጠየቅ ጀምረዋል፤ ለጂሜይል በቀን ከ5000 በላይ የሚልክ ሦስቱንም ማሟላት አለበት፣ አነስተኛው ላኪም ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም። ፕሮፎርማህ ስፓም ውስጥ ከተገኘ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው።

«ፒቲአሩን ራሴ ደብተሬ ላይ እጨምረዋለሁ»

የራሱ የኢሜይል ሰርቨር ያለው ሰው ብቻ ነው ይህ የሚያሳስበው። ፒቲአር ከቁጥር ወደ ስም የሚመልስ ሬከርድ ነው፤ የሚጻፈውም የአይፒ ቁጥሩ ባለቤት ደብተር ላይ ነው። አንተ ጋ ብትጽፈው ማንም መጥቶ አያነበውም። ቁጥሩን ለሰጠህ ድርጅት ደውልና እነሱ እንዲያስገቡልህ ጠይቅ።