አከራይ ንብረት ሲይዝ፦ የተከራይ ሕጋዊ አማራጮች

የኪራይ ዕዳ አንድ ነገር ነው፤ የተከራዩ ንብረት ደግሞ ሌላ። ጠቡ የሚከረው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ኪራይ ይወዘፋል፣ አከራዩ የበሩን ቁልፍ ይቀይራል፤ አልጋው፣ ላፕቶፑ፣ የትምህርት ማስረጃው፣ መድኃኒቱ ሁሉ ውስጥ ይቀራል። "ያለብህን ስትከፍል ትወስዳለህ" ይባላል። ይህ አነጋገር የብዙዎችን አፍ ያዘጋል። ሕጉ ግን በብዙ አገር ከአከራዩ ጋር አይስማማም፤ ገንዘብ አለኝ የሚል ሰው ይከሳል እንጂ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ አስፈጻሚ አይሆንም።

ጉዳዩ ጥንታዊ ነው። በሮም የከተማ ቤት ተከራይ ይዞት የገባው ዕቃ ለኪራዩ መያዣ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ኪራዩን ከፍሎ ሲወጣ ዕቃውን ለተከለከለ ተከራይ ግን ፕሬቶር የተባለው ሹም ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተበጀ ትዕዛዝ ይሰጠው ነበር። በእንግሊዝ አከራዮች ያለ ፍርድ ቤት ዕቃ የመያዝ ሥልጣን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1267 የወጣው የማርልብሮ ሕግ ከልክ ያለፈ መያዝን ከለከለ፤ እ.ኤ.አ. በ1689 የወጣው ደግሞ የተያዘውን መሸጥ ፈቀደ። ይህ ሥልጣን ሙሉ በሙሉ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ዛሬ ተመሳሳይ አሠራር ያለው ለንግድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ፣ ሥልጣን ባለው አስፈጻሚ በኩል። በጀርመን የአከራይ የመያዣ መብት አሁንም አለ። ሆኖም በፍርድ እንኳ የማይያዙ፣ ለኑሮ የግድ የሆኑ ዕቃዎችን አይነካም። ተከራዩም ሌላ ዋስትና ሰጥቶ ዕቃውን ማስለቀቅ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ዕዳ አለብኝ ወይ?" አይደለም። "አከራዩ ይህን ዕቃ እንዲይዝ ሕግ ይፈቅድለታል ወይ?" ነው። ውሉ ላይ "ካልከፈለ ንብረቱ ይያዛል" ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ሕግ የከለከለውን ነገር ፊርማ አያጸናውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤ ነው፤ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው። በስልክ የተባባላችሁት ነገ ይካዳል። ደብዳቤው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይዘርዝር። "ቴሌቪዥን" ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ስሪቱ፣ ሞዴሉ፣ ከተገኘም መለያ ቁጥሩ ይጻፍ። በየትኛው ቀን እንደተያዙ፣ እስከ መቼ እንዲመለሱ እንደተጠየቀ፣ ካልተመለሱ ክስ እንደሚከተል በግልጽ ይቀመጥ። ግዢ ደረሰኝ፣ የቤቱ የቆየ ፎቶ፣ አከራዩ የላከው መልእክት ይያያዝ። "ዕቃህን አልሰጥም" የሚል አንድ አጭር የስልክ መልእክት ችሎት ላይ ከብዙ ምስክር ሊበልጥ ይችላል። ደብዳቤው ለመድረሱም ማረጋገጫ ይያዝ።

በሩን ሰብሮ መግባት ግን አያዋጣም። የተበደለው ሰው ተከሳሽ ሆኖ ያርፈዋል። ፖሊስ ጋ መሄድ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ "የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው" ተብሎ ቢመለስም፣ አቤቱታው መመዝገቡ በራሱ ማስረጃ ነው። ዕቃው ከተሸጠ ወይም ሆን ተብሎ ከተበላሸ ነገሩ ወደ ወንጀል ሊሻገር ይችላል።

ፍርድ ቤት ሲኬድ የሚጠየቀው ነገር ይለያያል። ዕቃው ካለ "ይመለስልኝ" ይባላል። እንደ እንግሊዝና አሜሪካ ባሉ፣ ሕጋቸው በቀደሙ የፍርድ ውሳኔዎች ላይ በሚመሠረት (ኮመን ሎው) አገሮች ለዚህ የቆየ ልዩ ክስ አለ፤ ከሳሹ ዋስትና አስይዞ ክርክሩ ሳያልቅ ዕቃውን ሊረከብ ይችላል። ዕቃው ሊሸጥ ነው የሚል ስጋት ካለ አስቸኳይ የእግድ ትዕዛዝ ይጠየቃል። እዚህ ላይ መዘግየት ይጎዳል፤ ወር ሙሉ ዝም ያለ ሰው "አስቸኳይ ነው" ቢል ማን ያምነዋል? ዕቃው ከጠፋ ደግሞ ዋጋውና የደረሰው ኪሳራ ይጠየቃል። የልብስ ስፌት ማሽኑ የተያዘበት ሰው ያጣው ማሽኑን ብቻ አይደለም፤ የዕለት ገቢውንም ነው። አንዳንድ ሕጎች ከዚህም አልፈው ይቀጣሉ። በካሊፎርኒያ ተከራይን ለማስወጣት ብሎ ቁልፍ የቀየረ አከራይ፣ ከጉዳት ካሳው በተጨማሪ በቀን እስከ 100 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

ዕዳው በእርግጥ ካለ መካድ አይጠቅምም። አከራዩ በዚያው መዝገብ የተከሳሽ ከሳሽነት አቅርቦ ውዝፉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም ዕዳውን ከካሳው ጋር ሊያቻችል ይችላል። የክፍያ ዕቅድ ይዞ የቀረበ ተከራይ በሽምግልናም የተሻለ ይደመጣል።

ቤቱ ውስጥ የሌላ ሰው ዕቃ ከነበረ፣ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ወይም የደባል ፍሪጅ፣ ባለቤቱ ራሱ ቢጠይቅ ይሻላል። እሱ የኪራይ ዕዳ የለበትም። ተከራዩ ለቆ ሲሄድ የተረሳ ዕቃም ወዲያው የአከራዩ አይሆንም። ብዙ ሕጎች አስቀድሞ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያዛሉ፤ በካሊፎርኒያ ማስታወቂያው በእጅ ከተሰጠ ቢያንስ 15፣ በፖስታ ከተላከ 18 ቀን ይጠበቃል። ስለዚህ ቤት የሚለቅ ሰው አዲሱን አድራሻውን በጽሑፍ ይተው፤ ማስታወቂያው የሚደርሰው በዚያ ነው።