2,147,483,647፦ ኦይለር ያረጋገጠው ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥር

2,147,483,647 አሥር አኃዝ አለው፤ በሒሳብ ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ከሚባሉት አንዱ ነው። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። አመጣጡ ቀላል ነው፦ 31 ሁለቶች እርስ በርስ ይባዛሉ፣ ከውጤቱ 1 ይቀነሳል። ኮምፒውተር በሚጠቀምበት የ0 እና የ1 አጻጻፍ ደግሞ 31 አንዶች ተደርድረው ይታያሉ፤ አንድም ዜሮ የለም።

እንዲህ የሚገኙ ብቸኛ ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በማራን መርሴን ስም ይጠራሉ። ይህኛው በመጠን ስምንተኛው ነው። መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ 31ን አስገብቶ ነበር። ዝርዝሩ ስህተት አላጣውም፤ 31 ላይ ግን አልተሳሳተም።

ማረጋገጫው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1772 ከስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ከሊዮናርድ ኦይለር ነው። ነገሩን እንየው። አካፋይ ፍለጋ ከ46,340 ማለፍ አያስፈልግም፤ 46,341 በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን ይበልጣል። ከዚያ በታች ግን ከ4,700 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም በእጅ እየሞከሩ ማካፈል ያደክማል። ኦይለር አቋራጭ አገኘ፦ ይህ ቁጥር ብቸኛ የሆነ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል የሚተርፈው 1 ወይም 63 ብቻ መሆን አለበት። በዚህ ወንፊት የሚያልፉት ከመቶ አይበልጡም። እነሱም ተሞከሩ፣ አንዱም አላካፈለም። ያኔ ኦይለር ዓይኑ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚሁ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ይወለዳል። ፍጹም ቁጥር ማለት ከራሱ ያነሱ አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡት ነው፤ ለምሳሌ የ6 አካፋዮች 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ 6 ይሆናሉ። የኛ ቁጥር በ1,073,741,824 ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 ይሆናል። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር የሚፈልግ ሰው አይኖርም ብሎ ነበር፤ ጥቅም የለውማ! እ.ኤ.አ. በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ 127 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ብቸኛ ቁጥር እንደሚገኝ አሳየ። የባርሎው ትንቢት እዚያ ላይ ፉርሽ ሆነ።

ጥቅሙም ቢሆን መጣ። በኮምፒውተር ውስጥ አሉታዊ ቁጥርንም የሚይዝ ባለ 32 ቢት ቦታ (ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 ነው) የሚችለው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው። አንዱ ቢት ለምልክት ይሄዳል፣ የቀሩት 31 ሁሉም 1 ይሆናሉ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ብቸኛ ቁጥር መሆኑ አጋጣሚ ነው። በዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ ላይ ግን ቁም ነገሩ እሱ ነው። በአንድ የታወቀ ዘዴ ቀዳሚው ቁጥር በ16,807 ይባዛል፣ ለ2,147,483,647 ይካፈላል፣ ቀሪው ይወሰዳል። በዚህ አካሄድ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉት ሁሉ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ሳይወጡ ድግግሞሽ አይጀምርም።

ሰዓትን እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ አንስተው በሴኮንድ የሚቆጥሩ የቆዩ ሲስተሞች ደግሞ ጣሪያቸው እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 በዓለም አቀፍ ሰዓት (UTC) 03:14:07 ላይ ይሞላሉ። ባለ 64 ቢት ያልሆኑት በሚቀጥለው ሴኮንድ ራሳቸውን እ.ኤ.አ. 1901 ላይ ያገኙታል።