«ብርድ ነው፤ ይለቃል»፦ ስለ ትከሻ ሕመም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሠራበት ክሊኒክ ከስታዲየም ብዙም አይርቅም። ትከሻውን አሞት የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሕመሙንም ስም ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስሙን ያወጣለት ደግሞ ጎረቤት ነው።

«ብርድ ነው፤ ይለቃል»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህን ነው። አንዲት የ52 ዓመት እናት 6 ወር ሙሉ ፍልውሃ ሲመላለሱ ከርመው መጡ። ሙቅ ውኃ ጡንቻ ያፍታታል፤ ያን ዕለት ማታ ቀለል ይላቸዋል፣ ሌሊቱን ግን በዚያ ጎን መተኛት አይታሰብም። «እናቴ፣ መቀነት ሲጠመጥሙ እጅዎ ወደ ኋላ ይደርሳል?» አልኳቸው። «መቀነቱ ይቅርና ፀጉሬን የምታበጥርልኝ ልጄ ናት» አሉኝ። ክርናቸውን ከጎናቸው አስጠግቼ ክንዳቸውን ቀስ ብዬ ወደ ውጭ ለማዞር ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለም። ታማሚው ራሱም ሌላ ሰውም ሊያዞረው ያልቻለ ትከሻ ራጁ ደህና ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሐኪሞች ፍሮዝን ሾልደር የሚሉት ነው፤ መገጣጠሚያውን ያቀፈው ከረጢት ተቆጥቶ፣ ወፍሮና ተኮማትሮ ይይዘዋል።

«ይለቃል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። አብዛኛው ሰው ይሻለዋል፤ ነገር ግን ከ1 እስከ 3 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ አንዳንዱም ሙሉ እንቅስቃሴው አይመለስለትም። በብዛት የሚታየው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይጠቃል፤ እኚህ እናት ስኳር እንዳለባቸው የታወቀውም በዚሁ ትከሻ ሰበብ ነው። ብርድ ቢሆንማ ክረምቱ ሲወጣ በለቀቃቸው ነበር።

«ራጅ ሳያነሣኝ ምኑን አወቀው?»

ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም። በማግኔት የሚያነሣው ኤምአርአይ ጅማቱን ያሳያል፤ ችግሩ አብዝቶ ማሳየቱ ነው። ዕድሜው በገፋ፣ ምንም በማያመው ሰው ትከሻ ላይ እንኳ የተቀደደ ጅማት ይገኛል። ሳይመረመሩ ፎቶውን አስቀድመው ተነሥተው፣ ወረቀቱን አንብበው እንቅልፍ ያጡ ስንቶች ናቸው! ለወደቀ ወይም አደጋ ለደረሰበት ሰው ግን ራጅ የመጀመሪያው ነገር ነው።

«ወጌሻ ይመልሰዋል»

የወጌሻን እጅ አልንቅም። ሆኖም ከወለቀ ትከሻ ሥር ነርቭ ያልፋል፤ ከውልቃቱ ጋር ስብራት ሊኖርም ይችላል። ይህን በእጅ ዳብሶ ማወቅ አይቻልም። ገና የሚያቃጥለውን ፍሮዝን ሾልደር በኃይል መጎተትና ማሸትም ቁጣውን ያባብሳል።

«መርፌ ያው መርፌ ነው»

አይደለም። ፋርማሲ ደርሶ ዳይክሎፌናክ መወጋት ለጥቂት ሰዓታት ሕመም ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። የአጥንትና የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስቱ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጠው ኮርቲዞን ሌላ ነው፦ ቁጣውን ያበርዳል፣ በተለይ ሕመሙ እንቅልፍ በሚነሣባቸው የመጀመሪያ ወራት ይረዳል። ስኳር ያለበት ሰው ለቀናት መጠኑ ከፍ ስለሚልበት አስቀድሞ ይናገር።

«ስፔሻሊስት ጋ ከሄድኩ ቢላዋ ነው»

ብዙው የትከሻ ሕመም በእንቅስቃሴ፣ በመድኃኒትና በመርፌ ይታከማል። መዘግየት የሌለበት፣ ከውድቀት በኋላ በድንገት ክንዱን ማንሣት ያቃተው ሰው ነው፤ ጅማቱ ተበጥሶ ከሆነ ወራት ባለፉ ቁጥር መስፋቱ ይከብዳል። በመንግሥት ሆስፒታል መታከም የሚፈልግ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ ይሂድ።

ሁሉም የትከሻ ሕመም ከትከሻ አይነሣም። ከክርን በታች ወርዶ ጣት የሚያደነዝዝ ከሆነ አንገት ይጠረጠራል። ግራ ትከሻን ይዞ ደረት ሲጨመድድ፣ ላብ ሲያጠምቅና ትንፋሽ ሲያጥር ግን የልብ ሊሆን ይችላልና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

«አሳርፈው፤ አታንቀሳቅሰው»

ለእኚያ እናት የሰጠኋቸው ትእዛዝ የዚህ ተቃራኒ ነው። ግድግዳ ፊት ቆመው፣ ጣቶቻቸውን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ ያስኬዳሉ፤ ሕመሙ ጠንከር ማለት ሲጀምር ያቆማሉ። በቀን ሦስት ጊዜ። ልጃቸው በየሳምንቱ እሑድ የደረሱበትን በእርሳስ ታሰምራለች። በአምስተኛው ሳምንት ስልካቸውን አውጥተው የግድግዳውን ፎቶ አሳዩኝ፦ የላይኛው መስመር ከመጀመሪያው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሏል። «ግድግዳውን ግን አበላሸሽብኝ ብዬ ተቆጥቻታለሁ» አሉኝ።