አንዴ አብቦ መሞት ምንድን ነው?

«አጋቬዬ አበባ አወጣና እየደረቀ ነው፣ ምን ነክቶት ይሆን?» ስለ አጋቬ (ቅጠሉ ወፍራምና ሹል የሆነው የቃጫ ተክል ወገን) ለሚነሳው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ «የአበባውን ግንድ ቶሎ ቁረጠው፣ ይድናል።» አይድንም! ይህን ምክር ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ።

አብዛኛው አጋቬ በዕድሜው አንዴ ነው የሚያብበው። ለዓመታት ስኳር ያጠራቅማል፤ ጊዜው ሲደርስ ያንን ሁሉ አበባና ዘር ላይ ይጨርሰዋል። በሽታ አይደለም፣ ማዳበሪያም አያስቆመው። መቶ ዓመት ይጠብቃል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ትልቁ የአሜሪካ አጋቬ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያብባል።

ጅማ ላለ ሰው ይህ እንግዳ መሆን የለበትም፣ እንሰት አለ። እንሰት ሳያብብ የሚፋቀው ለምንድን ነው? ካበበ ቆጮ ሊሆን የነበረው ምግብ ወደ አበባው ይሄዳላ! ከአጋቬ ተኪላ የሚባለውን የአልኮል መጠጥ የሚሠሩ የሜክሲኮ አምራቾችም ስኳሩ እምብርቱ ውስጥ እንዲቀር የአበባውን ግንድ ገና ብቅ ሲል ይቆርጡታል። «ይኸው፣ እነሱም ይቆርጡ የለ!» ይለኛል መካሪው። አዎ፣ ግን ለምርት ነው፤ በኋላ ነቅለው ይወስዱታል። ቅጠል ያወጣ የነበረው ጫፍ ራሱ ነው የአበባ ግንድ የሆነው። ስትቆርጡት ያሉት ቅጠሎች ትንሽ ይከርሙ ይሆናል እንጂ አዲስ ቅጠል ከዚያ አይወጣም።

«የእኔ በየዓመቱ እያበበ አልሞተም» የምትሉ፣ እሬት እንዳይሆን እዩት። የእሬት ቅጠል ቀጭ ብሎ ይሰበርና ዝልግልግ ነገር ያወጣል፤ የአጋቬው ግን ቃጫው አልበጠስም ይላል። (ጓንት አድርጉ፣ ጭማቂው ቆዳ ያቃጥላል።) በእርግጥ አብቦ የማይሞት አጋቬም አለ፣ ለምሳሌ ብራክቴኦሳ የሚባለው። ጥቂት ነው።

ደግሞ የሚሞተው ያበበው ብቻ ነው። እንሰት ችግኝ እንዲሰጥ እኛ ሥሩን ቆርጠን መቅበር አለብን፤ ብዙው አጋቬ ግን ራሱ በዙሪያው ልጆች ያወጣል። የቃጫ ተክል (ሲሳል የሚባለው አጋቬ) ጭራሽ የአበባው ግንድ ላይ ትንንሽ ችግኝ ያበቅላል፣ ለቅሞ መትከል ነው። ልጆቹን ከእናታቸው ለዩና ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጧቸው። ከዚያ አሸዋና ጠጠር የበዛበት፣ ከፍ ያለ መደብ ላይ ትከሉ። የጅማ ዝናብ ብዙ ነው፣ ውሃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ በሐምሌ አትሞክሩት፤ ክረምቱ ጋብ ሲል፣ ጥቅምት አካባቢ ይሁን።